ፊት ዋስ አይሆንም

ከአዳማ ተነስቶ ወደ አሰላ የሚወጣ መንገደኛ አዋሽን ተሻግሮ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ዴራ ይደርሳል። ዴራ የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ የስምጥ ሸለቆው ሙቀት የሚያልቅባት፣ የአርሲ ደጋ አቀበት የሚጀምርባት። ጀንበር የጠለቀችበት ሹፌርም ሆነ ነጋዴ ከመኪናው ወርዶ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ "አልጋ አለ?"

የአልጋ ቤቷ ባለቤት በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። እሱም ያያታል። ከዚያ መታወቂያ፣ ከዚያ ሂሳብ፣ ከዚያ ቁልፍ። ያቺ የመጀመሪያ እይታ ሁለት ሰከንድ አትሞላም። ግን ብዙ ነገር የሚወሰነው በእሷ ነው።

ዛሬ ያቺ እይታ ስልክ ውስጥ ገብታለች። ሰው ቤቱን ወይም አንድ ክፍሉን በኢንተርኔት ለማያውቀው እንግዳ ያከራያል። እንግዳው የሶፋውን፣ የአልጋውንና የመታጠቢያ ቤቱን ፎቶ እያገላበጠ ሳለ ጥግ ላይ በክብ ተቆርጣ የተቀመጠች የባለቤቱን ፎቶ ያገኛል። የሚከራየው ቤቱን ነው። የሚመርጠው ግን ብዙ ጊዜ ፊቱን አይቶ ነው። ይህ ግምት አይደለም፤ ተጠንቷል፣ ተለክቷል፣ ፍርድ ቤትም ደርሷል።

ነገሩ የሳን ፍራንሲስኮ ወሬ ብቻ ቢመስልም ጥያቄው ያረጀ ነው። የማላውቀውን ሰው ቤቴ የማስገባው፣ የማላውቀው ሰው ቤት የማድረው በምን ዋስትና ነው? ኢትዮጵያ፣ አርሲንም ጨምሮ፣ ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የተለያየ መልስ ሰጥታለች። ፎቶው የመጨረሻው መልስ ነው፤ ምናልባትም ከሁሉም ደካማው።

▪️ የመሸበት እንግዳ

ሆቴል ሳይኖር መንገደኛ ያድር ነበር። መሸት ሲል ከአጥር ውጭ ቆሞ "ቤቶች!" ብሎ ይጣራል። "የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ መሽቶብኝ ነው" ይላል። "ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ" ይባላል። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል፣ መደብ ይነጠፍለታል።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ይወደዋል፤ "ድሮ እኮ ማንም ሰው ማንም ቤት ያድር ነበር" እየተባለም ይነገራል። ግማሹ እውነት ነው። የሚረሳው ግማሽ እራት ሲቀርብ የሚመጣው ጥያቄ ነው። "ከየት ነው አመጣጥህ? የማን ልጅ ነህ?" በኦሮሞ ቤትም ጎሳ ይጠየቃል። ጥያቄው ለወሬ ማጣፈጫ አልነበረም። ሐረጉ ሲቆጠር፣ መንደሩ ሲጠራ አንድ በጋራ የሚያውቁት ሰው ይገኛል። ያ ሰው ባይኖርም፣ ባይሰማም፣ በዚያች ሌሊት ዋስ ሆኗል። እንግዳው ጎህ ሳይቀድ በሬ ነድቶ ቢሰወር ማን ዘንድ እንደሚኬድ ይታወቃል። "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" የሚለው ተረት የተወለደው ከዚህ ዓይነት ኑሮ ነው።

ዘመድ የሌለው፣ ከሩቅ የመጣ ሰውስ? ለእሱም መንገድ ነበረው። በኦሮሞ ባህል ባዕዱ በሞጋሳ ሥርዓት የጎሳው አባል ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚከላከልለትም የሚጠየቅለትም ጎሳ አለው ማለት ነው። ወደ ባሌ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዘው ምእመን ደግሞ ጫፉ ባላ የሆነ ዘንግ ይይዛል። አርሲን እያቋረጠ ሲሄድ ዘንጉን ያየ ሁሉ ለምን እንደሚጓዝ ያውቃል፣ ምግብና ማደሪያም ይሰጠዋል።

ልብ ቢባል ባላው ዘንግ የዘመኑ ፕሮፋይል ነበር። ስለ ሰውየው መልክ የሚናገረው ነገር የለም። የሚናገረው ስለ መንገዱና ስለ ቃሉ ነው። ጥቁር ይሁን ቀይ፣ ሸጋ ይሁን ፉንጋ፣ ዘንጉን የያዘ ይገባል።

▪️ በግድ የገባ እንግዳ

ይህ ሁሉ ግን ባለቤቱ "እሺ" ወይም "እምቢ" የማለት መብት ሲኖረው ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ ያ መብት የተነጠቀበት ዘመን ረጅም ነው።

የንጉሥ ደብዳቤ የያዘ መንገደኛ፣ የውጭ አገር ሰውም ቢሆን፣ በደረሰበት ድርጎ ይቆረጥለታል። እንጀራውን፣ ሙክቱን፣ ማሩን የሚያወጣው ገበሬው ነው። ደብዳቤው ላይ ያለው ማኅተም ከማንም ፊት በላይ ይናገራል። ከዚህ የባሰው ተሰሪው ነበር። በገበሬው ቤት እንዲያድር፣ እንዲበላና እንዲጠጣ የተመደበ ወታደር ሲመጣ "የማን ልጅ ነህ?" ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። አፄ ምኒልክ በ1892 እ.ኤ.አ. ገደማ አሥራት እንዲከፈል ሲያደርጉ አንዱ ዓላማ ወታደሩን ከገበሬው ቤት ማስወጣት ነበር። በአርሲ ግን በ1886 እ.ኤ.አ. ዘመቻው ካበቃ በኋላም የሰፈረው ወታደር ኑሮ በገባሩ ትከሻ ላይ ቆይቷል። በእነዚህ ቀበሌዎች "እንግዳ" የሚለው ቃል ለሁሉም ሰው እኩል ጣፋጭ ትዝታ የለውም።

ከዚያ ገንዘብ መጣ። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆቴል ሲከፍቱ ምግብ በገንዘብ መግዛት ነውር ሆኖ ሰው እግሩን አላነሳም፤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው በልተው ከፈሉ ተብሎ ይተረካል። ሆቴሉ ያመጣው ለውጥ ቀላል አልነበረም። ከፋዩ የማን ልጅ እንደሆነ መናገር ሳያስፈልገው ክፍል ያገኛል። ገንዘቡ ዋስ ሆነ። የቤቱ ዋስ ደግሞ የእቴጌይቱ ስም ነበር። እንግዳው ምግቡን ሳይቀምስ፣ አልጋውን ሳያይ የሚያምነው ስሙን ነው።

▪️ ጉርድ ፎቶ

ፎቶግራፍ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የነገሥታትና የመኳንንት ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሱ ነበር፤ ልጆቻቸውም በሙያው ቀጠሉ። ተራው ሰው ፊቱን በወረቀት ላይ እንዲይዝ የተገደደው ብዙ ቆይቶ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በአንድ ቀን የግል አከራይ የሚባል ሰው ከሕግ ወጣ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ሆነ። ቤት ፈላጊና ቤት ሰጪ ፊት ለፊት ተያይተው መመራረጣቸው ቀረ። የሚመርጠው ፋይል ነው። የቀበሌ መታወቂያ፣ በላዩ ላይ ጉርድ ፎቶ፣ በፎቶው ጥግ ላይ ክብ ማኅተም። ከወረዳ ወረዳ ለመጓዝም የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበር።

ጉርድ ፎቶው እዚህ ላይ ያለው ሥራ ግልጽ ነበር። "ይህ ወረቀት የዚህ ሰው ነው" ከማለት ያለፈ ሥራ የለውም። ስለ ሰውየው ጠባይ የሚመሰክረው ፎቶው ሳይሆን ማኅተሙ ነው፤ ከማኅተሙ ጀርባም የሚጠየቅ ጽሕፈት ቤት አለ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ኪራይ ተመለሰ። ደላላውም ተመለሰ። አሮጌው ጥያቄም አብሮ መጣ፤ "የየት አገር ሰው ነው?" በገጠር አጥር ላይ ዋስ ለማግኘት ይጠየቅ የነበረው፣ በከተማ ግቢ በር ላይ ሌላ ትርጉም ያዘ። መታወቂያውም "ብሔር" የሚል መስመር ነበረው። ዋስ ፍለጋና ሰውን በዘሩ መምረጥ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ተዳብለው ገቡ። ጠያቂው ራሱ የትኛውን እንደሚጠይቅ የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

▪️ ሦስት ፍራሽና አንድ ፊት

በጥቅምት 2007 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኪራይ የከበዳቸው ሁለት ወጣቶች፣ ብራያን ቼስኪና ጆ ገቢያ፣ የዲዛይነሮች ጉባኤ ሆቴሎቹን ባጨናነቀበት ሰሞን ሳሎናቸው ውስጥ በአየር የሚነፉ ፍራሾች ዘርግተው ሦስት እንግዶች አሳደሩ። በማግስቱ ዓመት ናታን ብሌቻርዚክ ተጨምሮ ኩባንያ ሆነ። ዛሬ ዓለም ኤርቢኤንቢ ብሎ የሚያውቀው ነው።

የኩባንያው ትልቁ ችግር ቤት ማግኘት አልነበረም። ልጅነታችን ሁሉ "ከማታውቀው ሰው ጋር አትሂድ" ተብለን ያደግን ሰዎች የማናውቀው ሰው አልጋ ላይ እንድንተኛ ማሳመን ነበር ችግሩ። የተገኘው መላ ስም፣ ፎቶ፣ አጭር የሕይወት ታሪክና የቀድሞ እንግዶች አስተያየት ነው። ፎቶው ሠራ። ፊት የሌለው ማስታወቂያ ሰው አይጠጋውም፤ ፈገግ ያለ ፊት ያለው ግን "ሰው አለበት" ያሰኛል።

ከዚያ ጥናቱ መጣ። በ2014 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ቤንጃሚን ኤደልማንና ማይክል ሉካ የኒውዮርክ ማስታወቂያዎችን መረመሩ። ቦታው፣ ጥራቱ፣ የእንግዶች አስተያየት ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ጥቁር ያልሆኑ አከራዮች ከጥቁሮቹ 12 በመቶ ገደማ የበለጠ ያስከፍሉ ነበር። ፎቶው ለአንዱ ገቢ ሲጨምር ከሌላው ይቀንሳል ማለት ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢያል ኤርትና ባልደረቦቹ የስቶክሆልምን ቤቶች ይዘው ተነሱ። አሰላ ለስዊድን ሰው እንግዳ አይደለችም፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ካዱ ተብሎ በሚታወቀው የጭላሎ የግብርና ልማት ሥራ የመጡ ስዊድናውያን እዚያው ከርመዋል። እነሱን ያስተዋወቃቸው የመንግሥታቱ ስምምነትና መሥሪያ ቤታቸው እንጂ ፎቷቸው አልነበረም። የስቶክሆልሙ ጥናት ያገኘው ግን ሌላ ዘመን ነው። ፊቱ "የሚታመን ይመስላል" የተባለ አከራይ ዋጋው ከፍ ይላል፣ የመመረጥ ዕድሉም ይጨምራል። ሰዎቹ በእርግጥ ይታመኑ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። የተለካው የመምሰል ዋጋ ነው።

በሌላ በኩል እንግዳውም ከዚህ አላመለጠም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ በአምስት የአሜሪካ ከተሞች ወደ 6,400 ለሚሆኑ አከራዮች ጥያቄ ላከ። ጥያቄዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለየው የጠያቂው ስም ብቻ ነው። በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የተለመደ ስም የያዘው 42 በመቶ፣ የነጭ ስም የያዘው 50 በመቶ ያህል "እሺ" አገኘ። እዚህ ሙከራ ላይ ፊት የለም። ስሙ ብቻውን በቂ ነበር።

ጩኸቱ ሲበረታ ኩባንያው በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. አከራዩ የእንግዳውን ፎቶ የሚያየው እሺ ካለ በኋላ ብቻ እንዲሆን አደረገ። በኦሪገን ግዛት ደግሞ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ውሉ እስኪጸድቅ ድረስ ለአከራዩ የሚታየው የእንግዳው ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ሆነ። እንግዳው ተጋረደ። የአከራዩ ፊት ግን እዚያው ክብ ውስጥ እንዳለ ነው።

▪️ በኢትዮጵያ ከፊት ይልቅ ስም

ይህ ታሪክ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ቅርጹን ይቀይራል። እዚህ የቆዳ ቀለም የአሜሪካውን ያህል አይለይም። ዴራ ላይ በተነሳ ፎቶ የኦሮሞውንና የአማራውን፣ የሙስሊሙንና የክርስቲያኑን ፊት ለይቶ መናገር ለአገሬው ሰውም ይቸግራል፤ ሻሽ ወይም የአንገት ማተብ ካልተናገረ በቀር። ስሙ ግን ይናገራል። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ሦስቱ ተደርድረው ሲቀመጡ ብዙ ጊዜ ሃይማኖትን፣ ቋንቋን፣ አንዳንዴም አውራጃን ሳይጠየቁ ይዘረዝራሉ። አሜሪካዊው ከፎቶ የሚያነበውን ኢትዮጵያዊው ከስም ያነባል።

ስም እንግዳ የሚጠራ ኃይል አለው። አርሲ ይህን በደንብ ታውቃለች። አሰላ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2002 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ ሪዞርት ሲከፍት ማስታወቂያው ስሙ ነበር። የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለም በአዲስ አበባ ቦሌ በስሙ ሆቴል አለው። እንግዳው ክፍሉን ሳያይ ይገባል፤ ባለቤቱን በቴሌቪዥን አውቆታልና። በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ ፕሮፋይል ፎቶ ያለው አከራይ አይገኝም።

ግን ያው ስም አይከላከልም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በተነሳው ሁከት የኃይሌ ሆቴሎች ዝዋይና ሻሸመኔ ላይ ተቃጥለዋል። ስሙ እንግዳውን እንደጠራ ሁሉ በክፉ ቀን እሳቱን አላራቀም። ስማቸው በአደባባይ የማይታወቅ፣ ቤታቸውና ንግዳቸው የወደመባቸው የአርሲና የምዕራብ አርሲ ሰዎች ደግሞ ብዙ ናቸው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን በአዲስ አበባ አከራዮች የተከራዮቻቸውን ማንነት እንዲያሳውቁ ታዘው ነበር። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ያኔ የነበረው እስር ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ስጋቱን ገልጿል። ተከራዩ የሰጠው መታወቂያ፣ አከራዩ የያዘው ስም፣ ሁለቱም ያላሰቡት ቦታ ሊያደርስ እንደሚችል የታየው በዚያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ የቤት ኪራይ ወደ ስልክ ሲገባ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ እንደ አሰላና ዴራ ያሉ ከተሞችን ሲደርስ፣ ስምና ፊት ገጹ አናት ላይ ጎልተው የሚቀመጡ ከሆነ ምን ይከተላል? ደላላው በሹክሹክታ ይሠራው የነበረውን ስልኩ ያለ ሹክሹክታ ይሠራዋል። "የየት አገር ሰው ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ቢያንስ ያፍራል። ጣቱን አንሸራትቶ የሚያልፍ ግን የሚያፍርበት ሰው የለም። የታለፈውም እንደታለፈ አያውቅም።

▪️ ዋሱ የት ሄደ?

ለፎቶው ጥብቅና የሚቆሙ ሰዎች የሚሉት አለ። ሰው ፊት ሳያይ አያምንም፤ ሴት ብቻዋን ስትጓዝ የማን ቤት እንደምታድር ማወቅ መብቷ ነው፤ ፎቶ የሌለው አጭበርባሪ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ልክ ነው። ሴትዮዋ ግን የሚያስፈልጋት የሰውየው ፈገግታ አይደለም። የሚያስፈልጋት ማንነቱ መረጋገጡ፣ ከእሷ በፊት ያደሩ ሴቶች ምስክርነትና ችግር ቢፈጠር የሚጠየቅ አካል መኖሩ ነው። ፈገግታማ አጭበርባሪ ሞልቷል።

ይህን የሚደግፍ መልካም ዜናም ከዚያው ከጥናቱ ዓለም ይገኛል። በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የኤርቢኤንቢን ተጠቃሚዎች ይዘው ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የሚመስላቸውን ሰው ይበልጥ ያምናሉ። ነገር ግን የቀድሞ እንግዶች መልካም ምስክርነት ሲበዛ የማይመስላቸውን፣ ስሙ የተመሰከረለትን ሰው መርጠው ያምናሉ። ምስክር ሲመጣ ፊት ወደ ኋላ ይቀራል። የአርሲ ሽማግሌዎች ይህን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር።

በአጥሩ ላይ "የማን ልጅ ነህ?" የተባለው እንግዳ፣ ባላ ዘንግ የያዘው ምእመን፣ በሞጋሳ የገባው ባዕድ፣ ማኅተም ያለበት መታወቂያ ያሳየው ተከራይ፣ ሁሉም ከጀርባቸው የሚጠየቅ ነበራቸው፤ ዘመድ፣ ጎሳ፣ እምነት፣ ጽሕፈት ቤት። አንዳንዱ ፍትሐዊ ነበር፣ አንዳንዱ አልነበረም። ከፕሮፋይል ፎቶ ጀርባ ግን የሚጠየቅ የለም። ፎቶው የበር ላዩን እይታ ይዞ ዋሱን ጥሎ መጣ።

ዋሱን መመለስ ይቻላል። መሣሪያውም ከሞላ ጎደል አለ። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ የሰውን ማንነት ያረጋግጣል፤ ብሔር አይጠይቅም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ የአንድ ሌሊት ማደሪያን ባይመለከትም መንፈሱ ይጠቅማል። በየሰፈሩ ያለ እድር የአባሉን ጠባይ ከማንም በላይ ያውቃል። የኪራይ መተግበሪያ የሚሠሩ ወጣቶች እነዚህን አገናኝተው "ማንነቱ ተረጋግጧል፣ ይህን ያህል እንግዳ አሳድሯል፣ ዋስ አለው" የሚለውን ገጹ አናት ላይ ቢያስቀምጡ፣ ስምና ፊት ደግሞ ሁለቱም ወገን "እሺ" ከተባባሉ በኋላ ቢገለጡ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ አሥር ዓመት የፈጀውን ስህተት መድገም አይኖርባቸውም። እዚያ ያ ስህተት ያስከፈለው በዶላር ነበር። እዚህ በምን እንደሚያስከፍል የ2012 እና የ2014 ዓ.ም. ትዝታ ይናገራል።

ዴራ ላይ ዛሬም ይመሻል። ከአዳማ የመጣው መንገደኛ "አልጋ አለ?" ይላል። ባለቤቷ አየት ታደርገውና መዝገቡን ትከፍታለች። ስሙን ከመጻፏ በፊት ቁልፉን አንስታ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠችለት እንግዳ ሆኗል። ስሙን ጽፋ፣ አንብባ፣ ቆም ብላ "አልጋ አልቋል" ካለችው ግን መንገደኛው ምክንያቱን ሳትነግረውም ያውቀዋል። በስልኩ ዓለም ያቺ ቆም ማለት አትታይም። ስለዚህ ስሙ ከመታየቱ በፊት ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ።